ባለ አንድ ጭረት

ጄባራጅ የሞተው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ነው። ኢንስፔክተር ተንሞሊ ስትደርስ በእናቱ ሳሎን ረጅሙ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ነጭ ጨርቅ ተጥሎበት አገኘችው። ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አብጧል፤ አንገቱ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል። ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ከአፉ ጥግ ላይ ትንሽ ቸኮሌት ደርቆ ቀርቷል። ተንሞሊ ጨርቁን መልሳ ሸፈነችውና፣ ብርድ እንዳይገባበት የፈራች ይመስል ጠርዙን ከትከሻው ሥር ወሸቅ ወሸቅ አደረገችው።

ውጭ የኅዳር ዝናብ በሻይ ተክሉ ተዳፋት ላይ ይወርዳል። ወደ ኩኑር ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ናዳ ዘግቶት አምቡላንሱ የደረሰው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ለሐኪሙ የቀረው ሥራ ምክንያቱን መናገር ብቻ ነበር፤ ካሹ የተባለው ለውዝ። ጄባራጅ በስድስት ዓመቱ በአንድ ሠርግ ላይ ካሹ ያለበት ጣፋጭ ቀምሶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ካሹ ለእሱ መርዝ መሆኑን በሠፈሩ የማያውቅ የለም።

ኮንስታብል ካዲርቬል ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ።

«እናትየው ምራታቸውን ነው የሚከሱት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶችም ነፍሰ ገዳይ እያሏት ነው። እንውሰዳት?»

«ካልሲህ ረጥቧል» አለችው ተንሞሊ። «በዚህ ብርድ ሳንባህን ልትታመም ነው። መጀመሪያ ቀይር። ከዚያ ልጅቷ ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ከበሩ ኋላ ያለችው።»

ካዲርቬል ዞር አለ። አምስት ዓመት የሆናት ጄኒላ የአባቷን እርጥብ ጃንጥላ ታቅፋ ቆማለች፤ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች። ተንሞሊ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ነው የቀራት፤ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ልጅ ከበር ኋላ ቆሞ ሲያይ ማየትን ግን ዛሬም አልለመደችውም። ጠዋት አባቷን ያጣች ልጅ ማታ እናቷንም ፖሊስ ከወሰደባት በዚህ ቤት የሚቀራት ማነው? ሹራቡን አውልቃ በትክክል አለበሰቻትና አዝራሩን እስከ አንገቷ ዘጋችላት።

አስከሬኑን ሲያወጡ እናትየው እማማ ፓኪያም ተከትለው ወጡ። ከበረንዳው ወደ ግቢው ሰባት የድንጋይ ደረጃ አለ። ታናሹ ልጃቸው ሳሙቬል ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል በክርናቸው ገፋ አደረጉት፤ ቀጥ ብለው፣ ከንፈራቸውን በጸሎት እንደሚያንቀሳቅስ ሰው እያንቀሳቀሱ ብቻቸውን ወረዱ። አምቡላንሱ ሲሄድ በዚያው አኳኋን ተመልሰው ወጡ። ተንሞሊ ይህን ከበረንዳው ቆማ አየች።

ትንሽ ቆይታ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። እማማ ፓኪያም ምድጃው ጎን ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን የጉንፋን ቅባት ሽታ አውዶታል።

«ሳሙቬል፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» አሉ በታፈነ አፍንጫ።

«ሳሙቬል አይደለሁም እማማ። ተንሞሊ ነኝ፣ ከፖሊስ።»

«እ… ዓይኔ በለቅሶ ብዛት ጠፍቷል። ተቀመጪ ልጄ፣ ሻይ ልስጥሽ።»

«አይድከሙ።»

«እጄን ምን ላድርገው ታዲያ?» አሉና የሻዩን ማንቆርቆሪያ አነሡ። ሲቀዱ ጠቋሚ ጣታቸውን ከብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ ነከር አድርገው ነበር፤ ሻዩ ጣታቸውን ሲነካው መቅዳታቸውን አቆሙ። ተንሞሊ ብርጭቆውን ተቀበለችና አመሰገነች።

እዚህ ተራራ ላይ በየቤቱ ቸኮሌት ይሠራል። የእማማ ፓኪያም ግን ለየት ያለ ነው። ፍሬውን ከስኳር ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ አማስለው ያደርቁታል፤ የደረቀው በመዳፍ ይድቦለቦልና ልብ ይሆናል፤ ልቡ በሹካ እየተነሣ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ በሹካው ጫፍ አናቱ ላይ ምልክት ይጫራል። አንዴ ቸኮሌት ከለበሰ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው ይኸው ጭረት ብቻ ነው።

«እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«የዓመቱን የመጀመሪያ ቸኮሌት ለበኩር ልጄ በእጄ ነው የማጎርሰው። አባቱ በሕይወት እያለም ወጉ እንዲህ ነበር። ዛሬ ከጸሎት እንደተመለስን ባለ አንድ ጭረቱን ከቆርቆሮው አንሥቼ አጎረስኩት።» ቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን መዳፍ ያሽ ጀመር። «በዚህ እጄ።»

«ባለ አንድ ጭረት ምንድነው?»

«ፕሪም ነዋ። ሁለት ጭረት አናናስ ከካሹ ጋር ነው። ጄባ አንዱን ጭረት ካየ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ሙሉውን የሚውጠው። አንድ ቀን ነክሶ አይቶ አያውቅም። እናቱ የጫረችውን ምን ብሎ ይመረምራል?»

«ታዲያ ካሹው ከየት መጣ?»

«ፍሬውን የምታድቦለቡለው ምራቴ ፑንጎዲ ናት። ፕሪሙ ውስጥ ካሹ ፈጭታ ጨመረችበታ። ከዚህ አውጥታ ወደ ኮይምባቶር ከተማ ልትወስደው ነበር፤ እሱ እናቴን ትቼ አልሄድም አላት። ሳልመርቃቸው ነው የተጋቡት። ያኔም ነግሬዋለሁ።»

«የነከረውና የጫረውስ ማነው?»

«እኔ። በዚህ ቤት ከእኔ በቀር ሹካውን የሚነካ የለም።»

ተንሞሊ ሁለቱን ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደች። ከባለ አንድ ጭረቱ ሦስት አንሥታ በትንሽ ቢላ ለሁለት ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ሳህን ላይ ልባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ደረደረችና ከእማማ ፊት፣ ከመብራቱ ሥር አስቀመጠችው።

እማማ ፓኪያም ወደ ሳህኑ ጎንበስ አሉ። «የተፈጨ ካሹ በዓይን አይለይም ልጄ» አሉ። «ፕሪሙ እንደሆነ ምንም ቢገባበት ቀይ ነው። እንዳለ ለሐኪሙ ስጪው፤ እሱ ያወጣዋል።»

ተንሞሊ ሳህኑን አየች፤ እማማን አየች። ከዚያ በጨርቅ ሸፈነችው። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች።

ኮሪደሩ ላይ ካዲርቬልን ጠራችው። «በሁለቱም ቆርቆሮ ያለውን አንድም ሳታስቀር ክፈለው። ቀለሙን ጻፍልኝ።»

«ሁሉንም? ሰማንያ ይሆናል እኮ።»

«ሰማንያም ይሁን። እጅህን ታጠብ ግን። ከቀመስክ ደግሞ ለእናትህ ነው የምደውለው።»

ሳሙቬል በረንዳው ላይ ባልዲ ይደፋል። የሚኖረው ከተማ ውስጥ ነው፤ ወደ እናቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ አነጋገሩ ግን እንደ ሁልጊዜው ሹል ነው።

«እኔንም ይጠይቁኝ እንጂ» አለ። «ይህን ቤት እንሽጠው እያልኩ ከወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ጣሪያውን ይዩት፤ ከእኔ በላይ እያለቀሰ ነው።»

«ትናንት ወጥ ቤት ገብተህ ነበር?»

«ገብቻለሁ። ከመስኮቱ በላይ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቶ ውሃ ይንጠባጠባል። የተድቦለቦለው ፍሬ በሁለት ትሪ፣ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለውን ትሪ ወደ ምድጃው ሳብኩት፤ በምድጃው በኩል ያለውን ደግሞ ቦታ እንዲለቅ ውሃው ወደማይደርስበት ወደ መስኮቱ ጥግ ገፋሁት። መሐል ላይ ባልዲ አስቀመጥኩ። አለቀ። ምን አጠፋሁ?»

«እናትህ የት ነበሩ?»

«ጉንፋን ይዟት ተኝታለች። እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው ተነሥታ የሠራችው።»

«ትሪዎቹን ማንቀሳቀስህን ነገርካቸው?»

ሳሙቬል ግራ ተጋብቶ አያት። «ለምን እነግራታለሁ? ዓይን የላትም እንዴ?»

ተንሞሊ ሻርፕዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ጓሮ ዞረች።

ፑንጎዲ ከመታጠቢያው ድንጋይ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ትናንት ቸኮሌት የቀለጠበትን ድስት ፍል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች። እንባ የለባትም፤ ፊቷ ግን ሌሊቱን በትኩሳት ያደረች ሴት ፊት ነው። ተንሞሊን ስታይ ተነሣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እማማ አሟቸው ስለነበር እኔ ነከርኩት፤ ጭረቱንም የጫርኩት እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ። ይጻፉት።»

«ተቀመጪ ልጄ። ከመቼ ወዲህ ነው ያልበላሽው?»

«ይጻፉት አልኩኮ።»

«ትናንት ከሰዓት ልጅቷን ክሊኒክ ወስደሻት ነበር። የመድኃኒቷ ካርድ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ነበራችሁ ይላል።»

«ከተመለስኩ በኋላ ነው የሠራሁት።»

ተንሞሊ ጎንበስ ብላ ድስቱን አየች። ግርጌው ላይ የቀረው ቸኮሌት በፍል ውሃው ለስልሶ ነበር። ጎኑ የተቀመጠውን ሹካ አነሣችና ሰጠቻት። «እስኪ አንድ ጭረት ጫሪልኝ።»

ፑንጎዲ በቀኝ እጇ ጫረች። ሹካው ከቸኮሌቱ ሲለቅ እንደ ጅራት ያለች ቀጭን ጭራ ወደ ቀኝ ትቶ ሄደ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ጭራዋ ዳግመኛ ወደ ቀኝ ወደቀች።

«ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ግን ጭራቸው በሙሉ ወደ ግራ ነው» አለች ተንሞሊ በለሆሳስ። «በግራ እጇ የምትሠራው ማናት፣ ፑንጎዲ?»

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጥላ ይደበድባል። ፑንጎዲ ሹካውን ድስቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

«ከባለፈው ፋሲካ ጀምሮ ነው ያወቅኩት» አለች። «ጨውን ከስኳር በምላሳቸው ሲለዩ አየኋቸው። ለማንም አልተናገሩም። እህታቸው ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ጭራሽ ጨልሞባት ነው የሞተችው፤ እኔንም ይወስዱኛል ብለው ይፈራሉ። ሥራቸውን የያዙት በቦታ ነው። ፕሪሙ ሁልጊዜ በመስኮት በኩል፣ የካሹው በምድጃ በኩል። የሚነክሩበት ቀን እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። ትሪው ካለቦታው ከሆነ ዝም ብዬ እመልሰዋለሁ። ሽታውንም ይለዩት ነበር፤ ጉንፋኑ አፍንጫቸውን ዘጋው። ትናንት ደግሞ ጄኒላን ትኩሳት ያዛት… አልነበርኩም።»

«ዛሬስ?»

«እሱ ሲወድቅ አንዱን ከፍዬ አየሁት። ወዲያው ገባኝ።» የተንሞሊን እጅ ያዘች። «ልጅዎን በእጅዎ ነው የገደሉት ብለው አይንገሯቸው። እባክዎ። የገደለችው ምራቴ ነች ይበሉ፤ ይጥሉኝ፣ ይርገሙኝ። ጥላቻው በሕይወት ያቆያቸዋል። ይህን ካወቁ ግን አንድ ሳምንትም አይኖሩም።»

«አንቺ እስር ቤት ስትገቢ የልጅቷን ፀጉር ማን ያበጥራል?»

«አያት አላት።»

«አያት አላት» አለች ተንሞሊ።  «የምድጃው እሳት ልብሷን ሲይዘው የማታይ አያት። መድኃኒቷን ከሌላ ጠርሙስ የምትቀዳላት አያት። ትናንት የሆነው ነገሩን ሁሉም ስለደበቀ ነው፣ ልጄ። ነገም ብንደብቀው ቀጥሎ የምትጎዳው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ። እኔም የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ፤ ይህን አውቄ ቤቴ ገብቼ መተኛት አልችልም።»

ፑንጎዲ እጇን ለቀቀቻት። እምቢ አላለችም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። እማማ ፓኪያም ምድጃው ጎን፣ ሳሙቬል በሩ ላይ፣ ፑንጎዲ ግድግዳ ተደግፋ። ጄኒላን ተንሞሊ ለጎረቤት ሴት ሰጥታታለች፤ ካዲርቬል ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።

«ንገራቸው» አለችው።

«ባለ አንድ ጭረት አርባ አንድ» አነበበ ካዲርቬል። «አርባ አንዱም ልቡ ቢጫ፤ አናናስና ካሹ። ባለ ሁለት ጭረት ሠላሳ ስምንት። ሁሉም ቀይ፤ ፕሪም።»

«ሰው መግደል የፈለገ ሰው አንድ ይለውጣል» አለች ተንሞሊ። «ሁለት ይለውጣል። አርባ አንዱን በሙሉ አይለውጥም፤ ፕሪሙንም የካሹ ምልክት አያደርግበትም። እዚህ የተለወጠው ቸኮሌቱ አይደለም፤ ትሪው ነው። ትሪውን ያዞረው ሳሙቬል ነው፤ ጣሪያው ስላፈሰሰ፣ ጨርቁን እንኳ ሳይገልጥ። ክፋት አልነበረበትም።»

ሳሙቬል ወደ ባልዲው ዞሮ አየ። 

«እና?» አሉ እማማ። «ጨርቁ ሲነሣ ቀዩና ቢጫው አይለይም? እብድ እንኳ ይለየዋል።»

«ይለየዋል፣ እማማ። ጨርቁን አንሥቶ ቢጫውን እያየ የፕሪም ጭረት የሚጭር ሰው ወይ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ወይም…» ተንሞሊ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ፑንጎዲ የነከርኩት እኔ ነኝ አለችኝ።»

«ውሸቷን ነው። ሹካዬን አትነካም። እኔ ነኝ የነከርኩት፤ እያንዳንዱን።»

ቃሉ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ምን እንዳሉ እማማ ፓኪያም ራሳቸው የገባቸው ከሁሉም በኋላ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ተንሞሊ። «ጭራቸው ሁሉ ወደ ግራ ነው። ጠዋት የከፈልኩትን ከፊትዎ አስቀመጥኩ። ሳህኑ ላይ የነበረው እንደ ሎሚ ቢጫ ነው። እርስዎ ቀይ ነው አሉኝ። ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆውን በጣትዎ ለኩ። እኔን ሳሙቬል ብለው ጠሩኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ከንፈርዎ ይቆጥር ነበር።»

«አያለሁ» አሉ እማማ። እጃቸውን ወደ ሳህኑ ዘረጉ፤ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ቆመ። ሳህኑ ያለው በአንድ ክንድ ርቀት ነበር።

 ጠብታው ባልዲው ውስጥ ይመታል። እማማ ፓኪያም ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት፤ የሌላ ሰው ዕቃ የሚጠብቁ ያህል። 

«እማዬ፣ ትሪውን እኮ እኔ ነኝ…» አለ ሳሙቬል።

«ዝም በል አንተ።» ቁጣ አልነበረበትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ፑንጎዲ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር ያዩት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከመቼ?»

«ከፋሲካ።»

«ለልጄ አልነገርሽውም?»

«እርስዎ አልነገሩትማ። ሥራዎን ይነጥቅዎታል ብዬ… መንገር ነበረብኝ።»

«ሴቶቹ በር ላይ ያን ቃል ሲሉሽ፣ ያኔም ታውቂ ነበር?»

ፑንጎዲ አቀረቀረች።

«እኔ ስልሽስ?»

 እማማ ፓኪያም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያልተባለውን የሰሙ ይመስላል። «ጨርቁን ሳነሣ እጄ ፈርቶ ነበር» አሉ በስተመጨረሻ። «ልጠራሽ አሰብኩ። ኩራቴ አንቺን ከመጥራት ያዘኝ።» ከዚያ ልክ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ቀና አሉ። «ልጅቷ በልታለች?»

«ጠዋት ትንሽ ዳቦ ብቻ።»

«በዚህ ብርድ።»

ተንሞሊ ወረቀቱ ላይ ድንገተኛ አደጋ ብላ ጻፈችና ስሟን አኖረችበት። ከዚያ ካዲርቬልን ጂፑን እንዲያሞቅ ላከችው። አስከሬኑን አጥቦ ለመገነዝ ቤተሰቡ ከመምሸቱ በፊት ሆስፒታል መድረስ ነበረበት።

ዝናቡ ቀነስ ብሏል። ሴቶቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው፤ ፑንጎዲ በረንዳው ላይ ብቅ ስትል ማጉረምረማቸው ተነሣ። አንዷ ያንኑ ቃል ደገመችው። እማማ ፓኪያም ከኋላ መጥተው ቆሙ።

«ምራቴ ናት» አሉ ጮክ ሳይሉ። «መንገድ ልቀቁላት። ልጄን የነካው የእኔ እጅ ነው፤ መናገር የፈለገ ለእኔ ይናገር።»

ሴቶቹ ወደ አጥሩ ተጠጉ። ሳሙቬል ጄኒላን ከጎረቤት ተቀብሎ አቅፏታል፤ ተንሞሊ ሻርፕዋን አውልቃ የልጅቷን ጆሮ ሸፈነችላት።

እማማ ፓኪያም ደረጃው አናት ላይ ቆሙ። አርባ ዓመት የወጡበትና የወረዱበት ደረጃ ነው። ግራ እጃቸውን ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ዘረጉ። ፑንጎዲ ተጠግታ ያዘችው።

«ደረጃው ስንት ነው?» አሉ።

ፑንጎዲ እንደሚያውቁት ታውቃለች።

«ሰባት ነው፣ እማማ። ቀስ ብለው። እኔ እቆጥርልዎታለሁ።»

እግራቸውን አነሡ።

«አንድ» አለች ፑንጎዲ።